ከሥዕል ስለሚቀዳ ልብስ፤ በጌጃ ሰፈር የተሠራ አንድ ቀሚስ



ልብስ ገላን ከብርድና ከፀሐይ ለመከለል ብቻ የተሠራ ነገር አይደለም። የለባሹን አገር፥ ማዕርግና ጠባይ ከአንደበቱ አስቀድሞ የሚናገር እርሱ ነው። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሰፊ ቀይ ጥለት ያለበት ጃኖ ከንጉሥ እጅ የሚሰጥ የክብር ልብስ እንደ ነበረ፥ ካባና ለምድም የሹመት ምልክት እንደ ነበሩ ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። ስለዚህ ስለ ልብስ አሠራር ማሰብን የሥራ ፈት ሰዎች ጨዋታ አድርጎ መናቅ የአባቶቻችንን ልማድ አለማወቅ ይሆናል።

ዛሬ በከተማችን ልብስ የሚታይበት አዲስ ስፍራ ተገኝቷል፤ ይኸውም ልብስ ቀያሾች አዲስ ሥራቸውን ለብሰው በሚመላለሱ ወጣቶች ላይ ለሕዝብ የሚያሳዩበት የትርኢት መድረክ ነው። በዚህ መድረክ ላይ የሚወጡ አንዳንድ ቀሚሶች ከአገር ሠዓሊ ሥራ የተቀዱ ናቸው። ልጆቻቸው ወደዚህ ሙያ የሚያዘነብሉባቸው አባቶችና እናቶች ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፥ በውስጡም ምን ዐይነት መብትና ግዴታ እንዳለ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል ብለን ስለ ገመትን በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ እንገልጣለን።

በመጀመሪያ ነገሩ በሌላ አገር እንዴት እንደ ተሠራ እንመልከት። በፈረንጆች 1937 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ኤልሳ ስኪያፓሬሊ የምትባል ስመ ጥር ልብስ ቀያሽ ከእስፓኛዊው ሠዓሊ ከሳልቫዶር ዳሊ ጋራ ተስማምታ፥ በነጭ የሐር ቀሚስ ላይ ትልቅ ቀይ የባሕር ሎብስተር የታተመበት ልብስ ሠራች። በዚያን ጊዜ ሠዓሊው በሕይወት ስለ ነበረ ሥራው የሁለቱ ኅብረት ነበር። ከ28 ዓመት በኋላ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ኢቭ ሴን ሎራን የተባለው ፈረንሳዊ ከሆላንዳዊው ሠዓሊ ከፒየት ሞንድሪያን ሥዕል የተቀዱ ቀሚሶችን በፓሪስ አሳየ። ሞንድሪያን ግን በ1944 ዓ.ም. ሞቶ ስለ ነበር ቀሚሱን አላየውም። የሞንድሪያን ሥዕል በጥቁር መሥመር የተከፋፈሉ የቀይ፥ የሰማያዊ፥ የቢጫና የነጭ ማዕዘኖች ነው። ሴን ሎራን ቀለሙን በጨርቅ ላይ አላተመም፤ እያንዳንዱን ማዕዘን ከየቀለሙ የሱፍ ጨርቅ ቈርጦ እርስ በርሱ አጋጠመው እንጂ። ለሴት ገላ የሚያስፈልገውንም ቅርጽ በመሥመሮቹ መጋጠሚያ ውስጥ ስለ ሰወረው፥ ቀሚሱ ሲታይ ሥዕል፥ ሲለበስ ግን እውነተኛ ልብስ ሆነ። ወዲያው ርካሽ ነጋዴዎች አስመስለው እየሠሩ በየአገሩ እንደ ሸጡት የታወቀ ነው። ስለዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ ለልብስ ሥራ ምሳሌ የሚሆኑ ሠዓሊዎች ሞልተውናል። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስተዋት ሥዕል በሦስት መስኮቶች የተከፈለ፥ ስፋቱም 150 ካሬ ሜትር የሆነ ነው። ያለፈውን የአፍሪካን ኀዘን፥ የአሁኑን ትግልና የወደፊቱን ተስፋ ያሳያል። ልብስ ሰፊ የሆነች ሴት ይህን መስኮት ብታየው ቶሎ የምትገነዘበው ነገር አለ፤ ባለ ቀለሙ መስተዋት ቁራጭ በቁራጭ ተገጣጥሞ መካከሉን በእርሳስ እንደሚያያዝ ሁሉ፥ ልብስም ቁራጭ በቁራጭ ተገጣጥሞ በስፌት ይያያዛል። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በጠባብ የቀርከሃ ሰንጣቂዎች ላይ እየሣሉ ሰንጣቂዎቹን ጎን ለጎን በማጋጠም ይታወቃሉ፤ ይህም የኛ ኩታና ነጠላ ከጠባብ ሸማ ተጋጥሞ እንደሚሰፋ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ በቀለም ፈንታ መርፌና ክር ይዞ በሸራ ላይ በመስፋት ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ በኋላም የተጣሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ሽቦ እየጐነጐነ እንደ ጥልፍ አድርጎ አሳይቷል። እንግዲህ በአገራችን ሥዕልና ሸማ ሥራ እስከዚህ የተዛመዱ ናቸው።

አሁን ግን በቅርብ ያየነውን እንናገር።

በልደታ ክፍለ ከተማ፥ ከልደታ ማርያም ካቴድራል በማይርቀው በጌጃ ሰፈር፥ አንዲት ወጣት ልብስ ሰፊ ከእናትዋ ጋራ ትኖራለች። እናቲቱ ባልዋ ከሞተ ወዲህ ጥጥ እየፈተለች ልጅዋን ያሳደገች ሴት ናት። በዚያው ሰፈር አንድ አረጋዊ ሠዓሊ አሉ። እኒህ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የሰፈሩን ጣራዎች ሥለው ነበር። በልደታ አካባቢ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው በስፍራቸው ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች መሠራታቸውን አንባቢዎቻችን ታውቃላችሁ። በሥዕሉ ላይ ያሉት ጣራዎችም ዛሬ የሚበዙት የሉም። ሥዕሉ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ የቆርቆሮ ጣራዎችን፥ ግማሹን በዝገት የቀላውን፥ ግማሹን ገና የሚያበራውን፥ በመካከላቸውም በጠባብ መንገድ ነጠላዋን ተከናንባ የምታልፍ አንዲት ሴት ያሳያል።

ወጣቲቱ በአንድ የልብስ ትርኢት ላይ አንድ ቀሚስ እንድታቀርብ ስትጠራ ይህ ሥዕል ትዝ አላት። ከዚህም በኋላ ሁለት መንገድ ቀረበላት። አንድ ነጋዴ መጥቶ፥ «ሥዕሉን ፎቶግራፍ አንሥተሽ ስጭኝ፤ በውጭ አገር ፋብሪካ በጨርቅ ላይ አሳትሜ በጥቂት ቀን ውስጥ አመጣልሻለሁ። ከወደድሽ ከመቶ የሚበልጥ ቀሚስ ይወጣዋል» አላት። ዋጋውም ከሸማኔ ሸማ እጅግ ያነሰ ነበር። የገንዘቡ ነገር ልጅቱን እንዳሳሰባት ስለ ገባት እናትዋ እንዲህ አለቻት፤ «ልጄ፤ ሥዕሉ የማን ነው? ባለቤቱ ከኛ ደጃፍ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ሳትነግሪው ብታሳትሚው ነገ እንዴት አድርገሽ እግዜር ይስጥልኝ ትይዋለሽ?»

በዚህ ምክንያት እናትና ልጅ ወደ እኛ መጥተው ሕጉ ምን እንደሚል ጠየቁን። ውሎአችን ከፍርድ ቤት መዝገብ ጋራ ስለ ሆነ የነገርናቸውን ለአንባቢዎቻችንም እንደግመዋለን።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በተባለው ሕግ፥ ሥዕል የሠራ ሰው በሥራው ላይ መብት አለው። ይህ የጥቅም መብት ሠዓሊው በሕይወት ሳለ፥ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቈያል። ለምሳሌ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ2004 ዓ.ም. ስላረፉ የሥራቸው መብት ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ሥዕሉን ማባዛት፥ ወደ ሌላ መልክ መለወጥና መሸጥ የባለ መብቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሸራውን የገዛ ሰውም ቢሆን ሸራውን ገዛ እንጂ ሥዕሉን የማባዛት መብት ገዛ ማለት አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ሐሳብን ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጥም። የቆርቆሮ ጣራ ማየትና ስለ ቆርቆሮ ጣራ ቀሚስ መሥራት ለማንም የተፈቀደ ነው፤ ሠዓሊው ያን ጣራ በሠራበት መልክና አሰላለፍ መቅዳት ግን ፈቃድ የሚያሻው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን አንዳንድ ጊዜ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለ ሆነ ጠይቆ መፈራረም ከክርክር ያድናል።

ልጅቱም ይህን ከሰማች በኋላ ከእናትዋ ጋራ ወደ ሠዓሊው ቤት ሄደች። እኛም ለምስክርነት አብረን ነበርን። አረጋዊው ነገሩን ካዳመጡ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሥዕሉን ተመለከቱ፤ ከዚያም፥ «ልጄ፤ እኔ የሣልሁት እንዳይረሳ ብዬ ነው። ቤቶቹ ሄዱ፤ ሥዕሉም ከኔ ጋራ በዚህ ክፍል ተዘግቶ ቀረ። ባንቺ ቀሚስ ሰው ቢያየው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሦስት ነገር እለምንሻለሁ። ሴቲቱን በጨርቅ ላይ አታድርጊብኝ፤ ፊት በእጥፋት ውስጥ ሲገባ ይጨማደዳል፥ መሥመር ግን አይጨማደድም። ሁለተኛ፥ ፎቶግራፍ አታሳትሚ፤ አይተሽ ሥሪው። ሦስተኛ፥ ቀሚሱ ሲወጣ ስሜ ይጠራ» አሉ።

ልጅቱም፥ «አባባ፤ ስለ ገንዘቡስ አልተናገሩም» አለቻቸው። እሳቸውም በማፈር ፈገግ አሉ። ቤታቸውን ለሚያይ ሰው ግን ገንዘቡ እንደሚያስፈልጋቸው ግልጥ ነበር። ስለዚህ በእናቲቱ አሳሳቢነት ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቀሚስ ዋጋ ከዐሥር አንዱ ለሠዓሊው እንዲሆን፥ ከሞቱም ለወራሾቻቸው እንዲከፈል፥ ፈቃዱም ለዚህ ቀሚስ ብቻ እንጂ ለሌላ ዕቃ እንዳይሆን፥ ለነጋዴም እንዳይተላለፍ በጽሑፍ አድርገን በሁለት ቅጂ ተፈራረሙ። አንዱ ቅጂ በሠዓሊው ሣጥን፥ ሁለተኛው በእናቲቱ ሣጥን ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ የሥራው ችግር መጣ። ሥዕል በሸራ ላይ ተዘርግቶ የሚኖር ነው፤ ቀሚስ ግን ይንቀሳቀሳል፥ ይታጠፋል፥ ከኋላም ይታያል። በመድረክ ላይ ደግሞ ተመልካቹ ሩቅ ነው፥ መብራቱም ብርቱ ነው፤ ረቂቅ ነገር አይታይም። ስለዚህ ልጅቱ ከሥዕሉ ውስጥ ምን እንደምትወስድ መምረጥ ነበረባት። ሁሉን ልውሰድ ያለ ምንም አይወስድምና፥ ሦስት ነገር ብቻ መረጠች፤ የቆርቆሮውን ሸንተረር መሥመር፥ የዝገቱንና የብሩን ቀለም፥ የጣራዎቹንም መደራረብ። ያችን በመንገድ የምታልፈውን ሴት አልወሰደቻትም፤ ቀሚሱን የምትለብሰው ራስዋ ያች ሴት ትሆናለች ብላ ነው።

ቀጥላም ወደ ሽሮ ሜዳ ሄዳ ከአንድ የታወቁ ሸማኔ ጋራ ተነጋገረች። በዚያ ሰፈር ከጋሞ አገር የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው በብዛት እንደሚሠሩ የታወቀ ነው። ሸማኔውም ሥዕሉን በንድፍ ካዩ በኋላ፥ «ቁሙን መሥመር ከፈለግሽ ድሩ ሲዘረጋ አብሮ መግባት አለበት፤ ሽመናው ከተጀመረ በኋላ ቁም መሥመር ጨምር ብትዪኝ አይሆንም። አግድሙን ጥበብ ግን በማግ እየሠራሁ ስለምሄድ በየስፍራው ላገባልሽ እችላለሁ። ክብ ነገር አትጠይቂኝ፤ ክቡ በሸማ ላይ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይወጣል» አልዋት።

ይህ ቃል ለልጅቱ ታላቅ ትምህርት ሆነ። ቆርቆሮ በባሕርዩ ቀጥ ያለ ሸንተረር ስላለው ለድር ሥራ የተመቸ ነው፤ የጣራዎቹም መደራረብ እንደ ደረጃ ስለ ሆነ ለጥበብ ሥራ ተስማማ። ስለዚህ ሥዕሉና ሸማው ያለ ጠብ ተገናኙ። በነጩ ጥጥ ድር ውስጥ አመድማ ክር በየመካከሉ ገባ፤ በግርጌው ደግሞ የዝገት ቀለም ያለው ክርና የሚያበራ ሳባ በደረጃ በደረጃ ተሠራ፤ ወደ ላይም እየሳሳ ሄዶ በወገብ ላይ አለቀ።

መቀስ ከሸማው ላይ ከማረፉ በፊት ልጅቱ ቀሚሱን በአቡጀዲ ቈርጣ ሰፍታ፥ በለባሽዋ ላይ አድርጋ ስታስሄድ አየችው። ይህን የምንጽፈው ለጀማሪዎች ስለሚጠቅም ነው። የአቡጀዲ ስሕተት በጥቂት ብር ይታረማል፤ የሸማኔ የብዙ ቀን ድካም ግን በአንድ መቀስ ይጠፋል። የእጅ ሸማ ሽመናው የላላ ስለ ሆነ በተቈረጠበት ሁሉ ይተረተራል። ስለዚህ ልጅቱ የሸማውን ዳር ሳትቈርጥ ዳር ከዳር እያጋጠመች ሰፋች፤ ቅርጹንም በሸማው መጋጠሚያ ላይ በመሳብ አወጣችው። ከውስጡ ስስ ገበር አደረገችበት፤ በብርቱ መብራት ፊት ነጭ ሸማ ገላን ያሳያልና። ግርጌውም እንዳይንሳፈፍ ጥለቱን ወፍራም አስደረገችው።

በዚህ መካከል ስለ ጨዋነት ክርክር ተነሣ። የትርኢቱ አዘጋጆች ቀሚሱ እስከ ጉልበት ቢያጥር የተሻለ ይታያል ብለው መከሩ። እናቲቱ ግን፥ «ጣራ የሚሠራው ለመከለል ነው፤ ጣራ ያለበት ቀሚስ አጥሮ ምን ሊከልል?» አለች። ቃሉ ቢያስቅም እውነት ነበረበት። ልጅቱም ቀሚሱን እስከ ቁርጭምጭሚት አወረደችው፤ ለባሽዋ እንድትራመድ ግን በጎኑ በእጥፋት የተሸፈነ መክፈቻ አደረገችለት። በትርኢቱ ዘንድ የፈለጉት እንቅስቃሴ ከዚህ መክፈቻ ተገኘ፤ የእናቲቱም ፈቃድ ተጠበቀ። ወላጆች ልጆቻቸውን ከአዲስ ሙያ በቍጣ ከመከልከል ይልቅ በምክር ቢረዱ እንዲህ ያለ ፍሬ ይገኛል።

ቀሚሱ በወጣበት ምሽት እኛም ተጠርተን ነበር። ለባሽዋ ስትመጣ ጥለቱ በመብራቱ ፊት እንደ ጧት ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ አበራ። ስትዞር ደግሞ በጀርባዋ በኩል ጣራዎቹ ወደ ላይ እየሳሱ ሲሄዱ ታዩ። የሠዓሊው ስም በተጠራ ጊዜ አረጋዊው ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ፥ «ያ ሦስተኛው ጣራ የኛ ቤት ነው» ሲሉ ሰማናቸው። ነገሩ እውነት ይሁን አይሁን አንመረምረውም፤ በሸማ ላይ ቤታቸውን ያዩ መሆናቸው ግን ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ አራት ሰዎች ቀሚሱን አዝዘዋል፤ ከእያንዳንዱም ከዐሥር አንዱ ለሠዓሊው ተከፍሏል። ሸማኔውም ሥራ አግኝተዋል። ብዛቱ ጥቂት ነው፤ ያ ነጋዴ ካለው ከመቶው ቀሚስ ጋራ አይወዳደርም። ዋጋውም ከብዶባቸው የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ ይህን ልንሸሽግ አንወድም። በከተማችን ገበያ የሐበሻ ቀሚስ መልክ በፋብሪካ የታተመበት ከውጭ አገር የመጣ ጨርቅ ሞልቶ ሸማኔዎችን እንደ ጐዳ የታወቀ ነው። ለሴን ሎራን ቀሚስ የደረሰበት ለጌጃ ሰፈሩም እንዳይደርስበት ማን ዋስ ይሆናል? ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ የጌጃ ሰፈሩ ውል በጽሑፍ ስላለ፥ አስመስሎ የሚሸጥ ሰው ቢነሣ የሚቀርብ ማስረጃ በሁለት ሣጥን ተቀምጧል።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም ልጆቻቸው ይህን ሙያ ለሚወዱ ወላጆች፥ ጥቂት ቃል ጨምረን እንፈጽም።

ከሥዕል ልብስ ለመቅዳት የምትፈልግ ልጅ አስቀድማ ሠዓሊውን ትፈልግ፤ ሠዓሊው ከሞተም ወራሾቹን ትጠይቅ። ፈቃዱን በአፍ ብቻ አትቀበል፤ በጽሑፍ ታድርገው፥ የሚከፈለውንና የሚጠራውን ስም ትግለጥበት። ሸማኔውን ንድፉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ታማክረው፤ ድሩ ከተዘረጋ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ ጸጸት ነውና። የቅዱሳንን ሥዕልና መስቀልን ግን ሰው በሚቀመጥበትና በሚረግጠው የልብስ ክፍል ላይ ከማድረግ ትጠበቅ፤ ለዐይን ቢያምርም የብዙዎችን ልብ ያሳዝናል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሩቅ አትሂድ። በየሰፈሩ በአንዲት ክፍል ተዘግቶ የሚኖር ሥራ ያላቸው ሠዓሊዎች፥ በጉድጓዳቸው ተቀምጠው የሚያዝዛቸውን የሚጠብቁ ሸማኔዎች አሉ። እኒህን ሁለቱን የምታገናኝ አንዲት መርፌ ብቻ ናት።